ለመተንፈስ ነው ለመልክ?

ጥያቄው አምስት ሰከንድ አልፈጀም። መልሴም አልፈጀም። ዓመት ከመንፈቅ ቢያልፈውም ግን ዛሬም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ይመጣብኛል። ጉሙ የሚኒባሱን መስታወት ሸፍኖታል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፤ እኔ ደግሞ ስሙን እንኳ ከማላውቀው አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ጋር በሐሳቤ ክርክር ይዣለሁ።

የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ወረቀቴን አይቶ «ለመተንፈስ ነው ለመልክ?» ነበር ያለኝ።

«ለመተንፈስ።»

ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም። የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ማታ የደሴ ብርድ፣ ቀን የኮምቦልቻ ሙቀት። ለ20 ዓመት ያህል ሁለቱንም ከተማ የተነፈስኩት በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ነው።

## የገና ዱላ

አፍንጫዬ የተጣመመው በገና ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜና የሰፈር ልጆች ሩሯን እያሳደዱ ነው፤ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ከዚያ የመታኝ ዱላ ይሁን ክርን፣ እኔና ወንድሜ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ክርን ነው ይላል፤ ዱላው የእሱ ስለነበር። ደም፣ ጩኸት፣ የእናቴ ነጠላ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚለው ተረት ስለ ዘመድ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ስለ አፍንጫ ነው።

ጎረቤታችን እየሮጡ መጡና «አብሽሪ፣ ልጅ አይደለች፣ ይድናል» አሏት እናቴን። እውነትም ደሙ ቆመ። እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ። ውስጡን ያየ ግን አልነበረም።

እናቴን ለመውቀስ አይደለም። ያኔ የማን እናት ታውቅ ነበር? ግን ልጅ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪሟ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ሴፕተም ይባላል። ወደ ኋላ አጥንት ነው። ወደ ፊት ደግሞ ካርቲሌጅ፣ እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፈው ለስላሳው ነገር። ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። አፍንጫ ሲመታ ደም በሽፋኑና በካርቲሌጁ መሐል ሊቋጥር ይችላል። ያኔ ካርቲሌጁ ምግቡ ይቋረጥበትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት፣ አፍንጫውም ሊሰረጉድ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ግን ያበጠ አፍንጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ደሙ ቆሟል ተብሎ አይተውም። ሐኪም ዛሬውኑ በመብራት ውስጡን ይየው። ደም ቋጥሮ ከሆነ ቀዶ ያፈሰዋል።

የእኔ እዚያ ድረስ አልሄደም። ግድግዳው ተሰብሮ፣ ወደ ቀኝ እንደተጋደመ ዳነ። በቃ፤ ቀኙ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሳይነስ ዓመታት ናቸው። አገራችን ውስጥ ከአንገት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ሳይነስ ነው፤ ካልሆነ ምች ነው። ዳማ ከሴ ታሽቶልኛል። ባሕር ዛፍ ታጥኛለሁ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ። ነጭ ሽንኩርት አልነግራችሁም። ከዚያ ጠብታ አገኘሁ። በአምስት ደቂቃ የሚከፍት ተአምር! ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ያ ጠብታ ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰድ መልሶ ራሱ ይዘጋል። እኔ ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት።

በጣም የሚያሠቃየኝ ሌሊቱ ነበር። የማንም ጤነኛ አፍንጫ ተራ ይገባል። ለጥቂት ሰዓት አንዱ ቀዳዳ ጠበብ ሲል ሌላው ይከፈታል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሰው አያስተውለውም እንጂ ሁላችሁም ዘንድ አለ። እኔ ግን ተረኛዬ አንድ ነበር። የግራው ተራ ደርሶ ሲጠብ ተቀያሪ የለኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፌን ከፍቼ፣ ጉሮሮዬ እንደ ቆዳ ደርቆ እነቃለሁ። የደሴን የጥቅምት ብርድ በአፍ መሳብ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

## ሌላው ግማሽ

እስካሁን ያነበባችሁት ለሠራተኛው ልነግረው የምችለው ነው። የሚከተለው የማልነግረው።

ወሎ ላይ ሴት ሆኖ አፍንጫ ጠማማ መሆን ቀላል አይደለም። ሌላው አገር ቆንጆ ካልሆንሽ ቆንጆ አይደለሽም፤ አበቃ። እዚህ ግን ስምሽ ቀድሞሽ ይሄዳል። «የደሴ ልጅ ነኝ» ስትይ ሰው ቀና ብሎ ያይሻል። ከዚያ አፍንጫሽ ላይ ይደርሳል። ስትሞገስ መጀመሪያ የሚነሳው ደግሞ እሱ ነው፤ ሰልካካ፣ እንዲህ፣ እንዲያ። የእህቴ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው «እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ዞር በይልኝ» አለኝ። ሦስቴ። ክፋት የለውም፤ ሥራው ነው። ሚኒባስ ላይ ግን እስከ ዛሬ የምቀመጠው አፍንጫዬ ያጋደለበት ጎን ወደ መስኮቱ እንዲሆን ነው። ይሄን ስጽፍ ነው ራሴም ያስተዋልኩት።

ስለዚህ ሐኪም ጋ የሄድኩት ለመተንፈስ ነው። መስታወት ፊት የቆምኩት ግን ለሌላ ነው። ሁለቱም አንድ አፍንጫ ነው።

## ወረቀቱ

የአንገት በላይ ሐኪሟ ቀልደኛ ነገር ናት። ቀዳዳዬን በትንሽ መሣሪያ ከፈት አድርጋ በመብራት አየችና «ይሄን ይዘሽ ነው እንዴ ሐረጎን ስትወጪ ስትወርጂ የኖርሽው?» አለችኝ። ጉንጬን በጣቷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «አሁን ተንፍሺ» አለች። አየሩ ገባ! ለካ ችግሩ ግድግዳው ላይ ብቻ አልነበረም። ከውጭ የተጣመመው ክፍል ራሱ የላይኛውን መተላለፊያ አጥብቦታል።

በአንድ ጊዜ ቢላ አላነሳችም። ጠብታውን አስጣለችኝ። ለስድስት ሳምንት የሚነፋ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ያበጠው ሥጋ ቢቀንስ በሚል። ሲቲ ስካን አስነሳችኝ። ከዚያ አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት አስሞላችኝ። ኖዝ ይባላል፤ ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ አፍንጫ ማለት ነው። በ2004 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ መለኪያ ነው። መጨናነቅ አለሽ? ይዘጋብሻል? ለመተንፈስ ትቸገሪያለሽ? እንቅልፍ ትቸገሪያለሽ? ስትንቀሳቀሺ አየር ያጥርሻል? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ በአምስት ተባዝቶ ከመቶ ይወጣል። እኔ 85 አመጣሁ። በሕይወቴ ሒሳብ ላይ እንኳ እንዲህ አምጥቼ አላውቅም።

ከአምስቱ ጥያቄዎች ስለ መስታወት የሚጠይቅ የለም።

ሐኪሟ ውጭውንም ውስጡንም በአንድ ላይ መሥራት ይሻላል አለች። «ሴፕተሙ በሄደበት አፍንጫው ይሄዳል፤ እኛ ዘንድ የታወቀ አባባል ነው» አለችኝና ወረቀቱ ላይ ሴፕቶራይኖፕላስቲ ብላ ጻፈች። ያን ይዤ ኮምቦልቻ ወደ መሥሪያ ቤቴ የሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ ለኢንሹራንሱ የሸኚ ደብዳቤ ማዘጋጀት ነበረባት። አሰበች፣ አሰበችና በአማርኛ «አፍንጫን የማስተካከል ቀዶ ሕክምና» ብላ ጻፈች። ማህተም መታችበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። «ማስተካከል» የምትለዋን ቃል እኔ ወረስኳት።

## መስኮቱ ጋ

ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፣ መንገዱ ጭንቅንቅ ያለ። ቢሮው ውስጥም ሰልፍ አለ። ከኋላዬ ኩቲ ያደረጉ አንድ አባት፣ ከእሳቸው ኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሌሎችም። ተራዬ ደረሰ። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ጨዋ። «እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት።

አነበበ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እንደገና ፊቴን አየ። ይቺ ሁለተኛዋ አያያት ናት ያልለቀቀችኝ። ሰው እያየ አይደለም፤ እያመሳከረ ነው። እኔም የማውቀው አያያት ነው፤ ደረሰኝና ዕቃ ሳመሳክር እንደዚያ ነው የማየው።

«ለመተንፈስ ነው ለመልክ?» አለ።

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ለምን ያደርጋል? ለእሱ የቅጽ ጥያቄ ናት። ከኋላዬ ያሉት አባት ግን ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ሰማሁ። ሕፃኑ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ ውስጥ የሮጠውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሁለቱም ብል ምን ይፈጠራል? ሁለተኛ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ ለመልክም ነው ብዬ እንዴት እላለሁ? ሦስተኛ፣ ይቺ ልጅ ቁንጅና ፈልጋ ነው የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የምትጨርሰው ይሉኛል።

«ለመተንፈስ» አልኩ። ቶሎ። የተያዘ ሌባ እንደሚመልሰው።

«እሱማ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ የሐኪሟን ጽሑፍ በጣቱ ነካ አደረገ። «ይኸው፣ ፕላስቲ ይላል። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ደግሞ በውላችሁ አይሸፈንም።»

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሁሌም አለኝ። ፕላስቲ ማለት ከግሪክ የመጣ፣ ቅርጽ መስጠት የሚል ቃል ነው። የተዘጋ የልብ ደም ሥር መክፈቻው እንኳ አንጂዮፕላስቲ ነው የሚባለው። ልቡን ለማሳመር ነው የሚል ግን የለም።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ለውበት የሚደረግ ሕክምና ስለማይሸፈን ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል። ሁለት መስመር።

## በእነሱ ወንበር

ሦስት ቀን ተናደድኩ። በአራተኛው ሒሳብ ሠራተኛነቴ መጣብኝ። መድን ማለት የጋራ ኪስ ነው። መቶ ሰው ያዋጣል፤ የታመመው ያወጣል። የአንዱን ቁንጅና በሌላው መዋጮ መክፈል ከተጀመረ ኪሱ ይቀደዳል። እኔ በእነሱ ወንበር ብቀመጥ ይሄን አንቀጽ አልሰርዘውም። አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅም ስደውልላት ሳቀች። እዚያም ሴፕተም ማቃናት የጤና ነው፣ የውጭውን ቅርጽ መለወጥ የውበት ነው። ከመፍቀዳቸው በፊት ለሳምንታት መድኃኒት መሞከሩን ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ የፊት ፎቶ ጭምር። «እዚህ ብትሆኚ ከአራት አቅጣጫ ያነሱሽ ነበር» አለችኝ። ፎቶ አንሺው ትዝ አለኝ።

ተሁለደሬ ያለችው አክስቴ ደግሞ ነገሩን ስነግራት «አይ፣ እናንተ ደመወዝተኞች» አለች። ገበሬ ናት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ አንዱ ነበር። በየዓመቱ መዋጮዋን ከፍላ ካርዷን ታሳድሳለች። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል፤ መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እዚያም ለውበት አይከፈልም። ግን ቢያንስ ሕጉ ለእሷና ለጎረቤቷ አንድ ነው። እኛ ደመወዝተኞች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶልን ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በዚያ መሐል እያንዳንዳችን አሠሪያችን በተዋዋለው ውል እናድራለን፤ ውሉን ደግሞ አብዛኞቻችን አንብበነው አናውቅም። እኔ ክፍያውን በየዓመቱ መዝገብ ላይ የማሰፍር ሰው ነኝ። አንብቤው አላውቅም ነበር።

## ሁለተኛው ደብዳቤ

ሐኪሟ ጋ ተመለስኩ። ሳቀችና ወንበር ሳበች። «አሁን በደንብ እንጽፋለን» አለች። የትኛው ጎን እንደተዘጋ። ከስንት ዓመት ጀምሮ። በምን ምክንያት። ምን መድኃኒት ለስንት ሳምንት ተወስዶ እንዳልሠራ። ሲቲ ስካኑ ምን እንዳሳየ። 85ቱ ነጥብ። ሁሉም አንድ ገጽ ላይ። ወረቀት እንዲህ ሲናገር አይቼ አላውቅም። ውድቅ የተደረገባችሁ ካላችሁ፣ ሁለት መስመር ደብዳቤ ይዛችሁ አትቅሩ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ከዚያ ብዕሯን አቆመችና ጠየቀችኝ። «የውጭውንስ? የላይኛው መተላለፊያ በእሱ ምክንያት ጠቧል። እሱም የመተንፈስ ነው ብዬ ልከራከርልሽ እችላለሁ።»

ልብ በሉ። ሐኪሟ ናት ያለችው። እኔ አይደለሁም።

«ተዪው» አልኳት። «መልኩ ግድ የለኝም።»

እንዴት እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን ይገርመኛል። መስኮቱ ጋ የነበሩት ሰዎች አብረውኝ ክፍሉ ውስጥ የገቡ መሰለኝ። የውጭው ይሠራ ካልኩ ያ ልጅ ትክክል ነበር ማለት ሆኖ ታየኝ። መተንፈሻዬን ለማስከበር መልኬን ካድኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፣ ምኞቴን ነው የደበቅኩት። በሽታዬ ግማሹ ግን ከምኞቴ ጋር አብሮ ነበር የተቀመጠው።

እሷም አልተጫነችኝም። ሴፕቶፕላስቲ ብቻ፣ ማለትም የውስጡን ግድግዳ ማቃናት ብቻ፣ ብላ ጻፈች። ፕላስቲዋ አሁንም አለች ልብ አድርጉ። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አላያትም። በሦስት ሳምንት ተፈቀደ።

## ጥጡ ሲወጣ

ኦፕራሲዮኑን በአጭሩ ልለፈው፤ ከወሬው ይቀላል። አዲስ አበባ ነው የተሠራልኝ፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። የመንገዱንና የማረፊያውን እኔ ቻልኩ። ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጠ። ከውጭ ምንም አይቀደድም። በቀዳዳው በኩል ገብተው ስሱን ሽፋን ያነሱና የተጣመመውን ካርቲሌጅ ቆርጠው ወይም አቃንተው ሽፋኑን ይመልሳሉ። ሁሉንም አያወጡትም። ከላይና ከፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ለምሰሶ ይተዋሉ፤ ያለዚያ አፍንጫው ይሰረጉዳል። ቀዳዳውን ከሚደፍኑበት ጥጥ ሌላ ግድግዳው እንዳይንሸራተት ስስ ሲሊኮን በሁለቱም በኩል ያደርጋሉ። ሕመሙ ያን ያህል አይደለም። የሚያስመርረው ሁለቱም ተዘግቶ በአፍ ብቻ መኖሩ ነው። መናፈጥ ክልክል። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ። ሁለት ትራስ ደርቦ መተኛት። የጨው ውሃ እጥበት።

በሳምንቱ ሲሊኮኑ ወጣ። ሐኪሟ «በይ እስቲ» አለች። አፌን ዘግቼ ሳብኩ።

በቀኝ በኩል ቀዝቃዛ ነገር ገባ። ገና ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ የተዘጋ በር። አለቀስኩ፤ በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ማግስት ማልቀስ አይመከርም፤ ይደፈናል።

ደሴ ስመለስ እናቴ ቡና ቆላች። ሽታው ከጓዳ ሲመጣ ከየትኛው ጎን እንደገባ አወቅሁ። ጎረቤታችን ደግሞ መጥተው ፊቴን አገላብጠው አዩና «ታዲያ ምኑ ተስተካከለ?» አሉ። ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ሌሊት አልነቃም። ጉሮሮዬ አይደርቅም። ነጥቤ ከ85 ወደ 30 ወርዷል። 30ው የላይኛው መተላለፊያ ነው፤ ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኛለች። ዳገት ስወጣ አንዳንዴ ጉንጬን በጣቴ ወደ ጎን ሳብ አደርገዋለሁ። አላፊ አግዳሚ የሚያሰላስል ሰው ያየ ይመስለዋል።

ባለፈው ወር ከማሽን ክፍል አንድ ልጅ ወደ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘጋው። ኳስ ሲጫወት የተሰበረ አፍንጫ፤ ገና እንደገባ ነው ያየሁት፣ እኔ አይቼ አላልፈውም። የሰው ኃይሏ ልጅ ናት ወደ እኔ የላከችው። «ምን ብለሽ ነው ያስጻፍሽው?» አለኝ።

ወረቀት አወጣሁ። «የትኛው ጎን ነው የሚዘጋህ?»

«ግራው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት።» ዝም አለ። የጫማውን ጫፍ ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ» አለ፣ «ሠርጌ ሚያዝያ ላይ ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ለሐኪሟም እንደዚያው ንገራት» አልኩት። «ሁለቱንም።»